ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ
ልጆች ለዕረፍት ወደ ወላጆቻቸው ቤት ሲመጡ ስለሚሆነው ዝምታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።



በምንኖርበት በአሜሪካ ታንክስጊቪንግ የሚባለው የምስጋና በዓል በ1941 እ.ኤ.አ. በጸደቀው ሕግ መሠረት በኖቬምበር ወር አራተኛ ሐሙስ ይውላል። በዓሉ የእኛ አይደለም። ይሁን እንጂ የልጆቻችን የዕረፍት ቀን በመሆኑ ሳናስበው የእኛም ሆኗል። በየስቴቱ ተበትነው የሚማሩትና የሚሠሩት ልጆች ረቡዕ ማታ በአውሮፕላን ወይም በመኪና ይገባሉ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሸኛሉ። የራሳችን የልደት በዓል ጃንዋሪ 7 ቀን ሲውል እነርሱ ወደየሥራቸው ተመልሰዋል፤ ለፋሲካም ቢመጡ በማግሥቱ ሰኞ ሥራ አለ። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ጭር ብሎ የሚከርመው ቤት እንደ ቤት የሚሞቀው በእነዚህ አራት ቀኖች ነው።

እናት አስቀድማ ሊጧን ታቦካለች፤ ከአገር ቤት በሰው እጅ የመጣውን በርበሬ ለዚያ ሰሞን ቆጥባ ታቆያለች። አባት የሌሊት ፈረቃ ቢሆንበት እንኳ የሥራ ባልደረባውን ለምኖ ቀን ይለዋወጣል። ልጆቹም ገና እንደ ገቡ ጫማቸውን በር ላይ ጥለው፥ እንደ ልጅነታቸው፥ ማቀዝቀዣውን ይከፍታሉ፤ ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰው እንኳ ይህን አይተውም። ቡና ይፈላል፤ ዕጣን ይጤሳል፤ በጣራው ላይ ያለው የጢስ ማስጠንቀቂያ ይጮኻል፤ አንዱ ወንበር ላይ ወጥቶ ሲያራግብ ሌላው ይስቃል። ይህን ደስታ እግዚአብሔር የሰጠው ነውና አናቃልለውም። ልንጠይቅ የተነሣነው ይህ ደስታ እንዳይደፈርስ ሲባል ስለሚሸሸገው ነገር ነው።

መሸሸጉ ከማዕዱ ይጀምራል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ይገባል፤ ይህም በአብዛኛው ኖቬምበር 24 ነው። የምስጋናው ሐሙስ ደግሞ ከኖቬምበር 22 እስከ 28 ባለው መካከል ይመላለሳል። በ2022 እ.ኤ.አ. ሁለቱ በአንድ ቀን ዋሉ፤ በ2023 ሐሙሱ ጾሙን በሁለት ቀን ቀደመው፤ በ2024 እና በ2025 ግን በዓሉ የዋለው ጾሙ ከተያዘ በኋላ ነበር። እንግዲህ ጾሙ በገባበት ዓመት እናት ሽሮና ምስር፥ ጎመንና ድንች ሠርታ ታቀርባለች። ልጁ መጾም ከተወ ዓመታት አልፈዋል፤ ነገር ግን ሳያጉረመርም ይበላል። ሲመሽ «እማዬ፥ ትንሽ ነፋስ ልቀበል» ብሎ መኪና አስነሥቶ ይወጣና አብሮ አደጎቹ ዘንድ ተርኪውን ቀምሶ ይመለሳል። እናት የልብሱን ሽታ ታውቃለች። እርሱም ማወቋን ያውቃል። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» የሚለው የአባቶች ተረት እንደዚህ በቀጥታ ስለ ሥጋ ነገር የተነገረበት ጊዜ ያለ አይመስለንም።

ይህ ቀላሉ ነው። ከበድ ወዳለው እንለፍና አንድ ቤተሰብ በሐሳባችን እንቀምር። አባት ከሥራ ከወጣ አራት ወር ሆኖታል፤ ስለ ሥራው ሲጠየቅ «ያው ነው» ብሎ ወሬ ይለውጣል። እናት ከሐኪም ቤት የመጣ ወረቀት በመሳቢያ ውስጥ አኑራለች፤ ቀጠሮዋንም ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ወደሚሆነው ሰኞ አዛውራዋለች። ሴት ልጃቸው ትዳሯ ከፈረሰ ወራት አልፈዋል፤ እርስዋ ግን «ሥራ ይዞት ነው» ብላ ብቻዋን መጥታለች። ወንዱ ልጅ የሕክምና ትምህርቱን ትቶ ሌላ ሥራ ይዟል፤ አባቱ ግን ዛሬም በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ «ዶክተሬ» እያለ ያስተዋውቀዋል። አራቱም በአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀምጠው ይጎራረሳሉ። ከአንዲቱ በቀር በአፉ ሐሰት የተናገረ የለም። ታዲያ ሰላምን ለማቆየት የሚደረገው ይህ ዝምታ ፍቅር ነውን? ወይስ የሐሰት ታናሽ ወንድም ነው?

ከመፍረዳችን በፊት ዝምታው ከየት እንደ መጣ ማስታወስ ይገባናል። በዕድሜ የገፋነው ስደተኞች በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፥ በቀይ ሽብር ዘመን፥ ወጣቶች ነበርን። በዚያ ዘመን ከቤት የጠፋ ወንድም ወዴት እንደ ሄደ ለታናናሾቹ አይነገርም ነበር፤ ልጅ ያላወቀውን ሊናገር አይችልምና። በሱዳን በረሃ ከወጡት መካከል ስንቅ የቋጠረችላቸውን እናታቸውን እንኳ በወጉ ሳይሰናበቱ የተነሡ አሉ። ያ ዝምታ ነፍስ አድኗል፤ ኃጢአት ነበር ብለን አንፈርድበትም። ነገር ግን ምክንያቱ በዚያ ቀርቶ ልማዱ ብቻውን ከእኛ ጋር ባሕር ተሻገረ። ልጆቻችን ፍርሃታችንን ሳያዩ ዝምታችንን ብቻ ወረሱ። በዚህ ላይ የቋንቋው ነገር አለ። እኛ በአማርኛ እንጠይቃለን፥ እነርሱ በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ። «እንጀራ ጨምሪልኝ» ለማለት የሚበቃው አማርኛቸው «ትዳሬ ፈረሰ» ለማለት አይደርስም፤ የእኛም እንግሊዝኛ ለሥራ ቦታ እንጂ ለልቅሶ አይሆንም።

ዝምታውን የሚደግፉት ወላጆች የሚያቀርቡት ክርክር ከፍቅር የመነጨ ስለሆነ በቸልታ ልናልፈው አይገባም። ዓመቱን ሙሉ ተለያይተን ከርመን ለአራት ቀን ብንገናኝ ስለ ምን በልቅሶ ይለፍ? ልጁ ሩቅ ነው፤ ቢሰማስ ከመጨነቅ በቀር ምን ያደርጋል? ይላሉ። ግን ዝምታ ጭንቀትን በእውነት ያስቀራልን? በመጽሐፈ ጦቢት እንደምናነበው፥ ልጃቸው ጦብያ ከሄደበት አገር በዘገየ ጊዜ አባቱ ራሱ በልቡ እየተጨነቀ ሚስቱን ሐናን ደኅና ነውና ዝም በዪ ይላታል። እርስዋ ግን አታታልለኝ ብላ ትመልስለታለች፤ በየቀኑም ልጅዋ የሄደበትን መንገድ ልታይ ትወጣለች፤ እህል አይወርድላትም፤ ሌሊቱንም ታለቅሳለች። ሐናን ያላሳረፈ ቃል የእኛን ቤተሰብ ያሳርፋል ብለን አናምንም። ልጆች የእናታቸው ቀሚስ እንደ ሰፋት ያያሉ፤ አባታቸው የቤት ኪራይ ሲነሣ ድምፁን ዝቅ ማድረጉን ይሰማሉ። እናትም የልጅዋ ጣት ላይ ቀለበት አለመኖሩን ገና በአውሮፕላን ማረፊያው ስትስማት አይታለች። ጭንቀቱ በየልቡ ገብቷል። የጠፋው የሚካፈለው ሰው ብቻ ነው።

በቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ይህን የመሰለ ማዕድ አለ። ዮሴፍ ገና ራሱን ሳይገልጥ ወንድሞቹን በግብፅ በቤቱ ጋበዛቸው። እንደየዕድሜያቸው አስቀመጣቸው፤ ለብንያም ከሌሎቹ አምስት እጥፍ ድርሻ አደረገለት፤ ጠጡ፥ ደስም አላቸው። ከውጭ ለሚያይ ሰው ከዚያ የሚበልጥ የሞቀ ግብዣ አልነበረም። ነገር ግን ዮሴፍ ብንያምን ባየ ጊዜ አንጀቱ ተላውሶ ወደ እልፍኙ ገባና አለቀሰ፤ ከዚያም ፊቱን ታጥቦ ወጣ፤ ራሱን ገትቶም ምግብ እንዲቀርብ አዘዘ። ፊትን ታጥቦ ወደ ማዕድ መመለስ! በየቤታችን የመታጠቢያ ክፍል፥ ውኃውን ከፍቶ ድምፁን እያጠፋ፥ ይህን ያላደረገ ማን አለ? መጽሐፍ ደግሞ አንድ ነገር ይጨምራል፤ ግብፃውያን ከዕብራውያን ጋር መብላትን ይጸየፉ ስለ ነበር ለዮሴፍ ለብቻው፥ ለወንድሞቹም ለብቻቸው ቀረበ። ምክንያቱ የአገሩ ልማድ ነው። ለነገሩ ግን እንዴት ተስማማ! የተሸሸገ ሰው በስንት ወገን መካከል ቢቀመጥም ለብቻው ይበላል።

ዮሴፍ ወንድሞቹን ሊፈትን የፈለገበት ምክንያት ነበረው፤ በዚህ አንነቅፈውም። ግን በዚያ ቀን ወንድሞቹ የበሉት ከግብፅ ሹም ጋር ነው። ፍርሃታቸውም ምስጋናቸውም ለሹሙ ደረሰ፤ ከወንድማቸው ከዮሴፍ ዘንድ ምንም አልደረሰም። የዝምታው ጉዳት ያለው በዚህ ላይ ይመስለናል። «ዶክተሬ» የሚለው አባት የሚወደው በትሪው ዙሪያ የሌለውን ሰው ነው። የተቀመጠው ልጅ ሌላ ሰው በእርሱ ስም ሲወደድ ያያል፤ ራሱ ግን ይርበዋል። የታመመችውም እናት እንዲሁ ናት። ልጆቿ ሲያቅፏት ጤነኛዋን እያቀፉ ነው፤ የታመመችው እቅፍ አልደረሳትም። አራት ቀን ሙሉ ተቃቅፈን እሑድ ማታ ልባችን ባዶ የሚሆንበት ምክንያት መለያየቱ ብቻ አይደለም።

ደግሞም ዮሴፍ አንድን ጥያቄ ሁለት ጊዜ እንደ ጠየቀ ልብ እንበል። በግብዣው ጊዜ ስለ ሽማግሌው አባታቸው ደኅንነት ጠየቃቸው፤ ደኅና ነው ብለው እጅ ነሡ። በኋላ፥ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 45፥ ዮሴፍ እኔ ነኝ ብሎ ራሱን ሲገልጥ ከአፉ የወጣው የመጀመሪያ ጥያቄ አባቴ እስከ ዛሬ አለን? የሚል ነው። መልሱን ቀድሞ አልሰማምን? ሰምቷል። ያ መልስ ግን ለሹም የተሰጠ መልስ ነበርና ለልጅ አልበቃውም። እኛም በየሳምንቱ በስልክ «ደኅና ናችሁ?» እንባላለን፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን። ምስጋናው እውነት ነው፤ በሁሉ ማመስገን የክርስቲያን ወግ ነውና። ነገር ግን «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለው የከበረ ቃል የደጅ መወርወሪያ ሆኖ ሲያገለግል፥ ጠያቂው እንደ ሹም ጠይቆ፥ ተጠያቂው እንደ እንግዳ መልሶ፥ ስልኩ ይዘጋል።

እዚህ ላይ ከገዛ ባህላችን የምንማረው አለ። አባቶቻችን መርዶን ይሸሽጉ ነበር፤ ዛሬም በስደት እንሸሽጋለን። የሰው አባት በአገር ቤት ሲያርፍ ወሬው መጀመሪያ ለወዳጆቹ ይደርሳል፤ እነርሱም ለባለ ጉዳዩ ሳይነግሩ ከእርሱ ጋር ይውላሉ፤ ሥራ ይገባሉ፤ ስልክ ያነሣሉ። ይህ ዝምታ ግን ቀጠሮ አለው። ሰው ይሰበሰባል፤ ሽማግሌና ካህን ይጠራል፤ ጎሕ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል። ያ ሰው በሩን ሲከፍት የሚያየው ፊት አንድ አይደለም። መርዶው የተሸሸገበት ምክንያት ኀዘንተኛው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማው ነው፤ የሚደግፉት እጆች እስኪመጡ ድረስ ብቻ ነው። የተሰበሰበ ሰው ባለበት መርዶን አለመንገር ግን በእኛ ዘንድ ተሰምቶ አይታወቅም።

እንግዲህ የበዓሉን ሰሞን ከዚህ ጋር እናስተያየው። ዓመቱን ሙሉ «በስልክ አይነገርም» ብለን አቆየነው፤ ይህ ደግ ነው፤ በስልክ የሚሰማ ሰው የሚይዘው እጅ የለውምና። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር ሲሰበሰብ ደግሞ «ደስታው አይበላሽ» ብለን ድጋሚ እናቆየዋለን። ብቻ ሲሆን ብቻውን ነው፤ ሲሰበሰብ ተሰብስቧል፤ ታዲያ የሚነገረው መቼ ነው? ቀጠሮ ያለው ዝምታ ምሕረት ነው። ቀጠሮ የሌለው ዝምታ ግን፥ ምንም በፍቅር ቢጀመር፥ ውሎ አድሮ ራሱን ተናጋሪውን ከመጠበቅ በቀር ሌላ ሥራ አይኖረውም።

ስለ ሰዓቱም ቢሆን የመርዶ ነጋሪዎች ጥበብ አይናቅ። በማታ አይመጡም፤ ቀኑ ሙሉ ለልቅሶና ለመጽናናት እንዲተርፍ በማለዳ ይመጣሉ። በእኛ ቤት ግን ከባዱ ነገር የሚወጣው ብዙ ጊዜ እሑድ ከቀትር በኋላ ነው፤ ሻንጣው መኪና ላይ ከተጫነ ወዲያ፥ ወይም በአውሮፕላን ማረፊያው በር፥ ፖሊስ «መኪናችሁን አንሡ» እያለ። ይህ መናገር ሳይሆን ሸክም ጥሎ መሮጥ ነው። ልጁ ያን ይዞ ብቻውን ሦስት ሰዓት በሰማይ ላይ ይቀመጣል። ዓርብ ጠዋት፥ ወይም ቅዳሜ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪደርስ፥ ቢነገር ግን በረካው ገና ይቀራል፤ ሌሊቱ ይቀራል፤ እሑድ አብሮ ማስቀደስ፥ ለታመመችውም ስመ ክርስትናዋን ለካህኑ ሰጥቶ ማስጸለይ ይቀራል።

ይህን ስንል ሁሉ ነገር ለሁሉ ይነገር ማለታችን አይደለም። ሰው ልቡን ሁሉ በአደባባይ ይዘርግፍ የሚለው የዚህ አገር የቴሌቪዥን ልማድ የእኛም መንገድ እንዲሆን አንመኝም። ኃጢአት ለንስሐ አባት ይነገራል እንጂ በትሪ ዙሪያ አይዘረዘርም፤ እናትም የልጇ ነፍስ አባት አይደለችም። ልጁ ማታ የት እንዳመሸ ሃያ ስምንት ዓመት ከሞላው በኋላ መመርመር የወላጅ ድርሻ አይመስለንም፤ ያን የተርኪውንም ነገር እናት ዝም ብላ ብታልፈው እኛ አንወቅሳትም፤ ለራሷ ጾሟን ጠብቃ ትጸልይለት። የመለያው ጥያቄ፥ በእኛ አስተያየት፥ በነገሩ ውስጥ ድርሻ ያለው ማን ነው? የሚል ነው። የእናት ሕመም የልጆቿ ድርሻ አለበት፤ ቢያውቁ ኖሮ ዓመቱን በሌላ መንገድ ያሳልፉት ነበርና። አንዱ ዝውውር ይጠይቅ ነበር፤ አንዷ ለሐኪሙ ታስተረጉም ነበር። የአባት ሥራ ማጣት ድርሻቸው አለበት፤ በልጅነታቸው ያሳደጋቸው ያ ደመወዝ ነው። የሴት ልጅ ትዳር መፍረስ በሠርጉ ቀን የመረቁትንና ያለቀሱትን ወላጆች ይመለከታል። ድርሻ ያለውን ሰው ከድርሻው መከልከል፥ «እንዳያዝን ብዬ ነው» ቢባልም፥ ከክብሩ መቀነስ ነው፤ እንደ ሕፃን መቁጠር ነው። ልጆችም ወላጆቻቸውን ሲሸሽጓቸው ይህንኑ ያደርጋሉ፤ በረሃ አቋርጠው የመጡ ሰዎች የአንድ ትዳር መፍረስን መስማት አይችሉም ብሎ ማሰብ ትንሽ ያስቃል።

ዳሩ ግን ተናጋሪውን ብቻ ስናስተምር ሰሚውን መርሳት አይገባም። ዝምታን የሚሠራው ብዙ ጊዜ ሰሚው ነው። ልጁ ትምህርቱን መተዉን ያልተናገረው ቢናገር የሚሆነውን ስለሚያውቅ ነው፤ እናት ደረቷን ትመታለች፤ አባት ለሦስት ቀን አይናገርም፤ ከዚያም «ሰው ምን ይለናል» ይመጣል። በዚህ በኩል በእኛ በስደተኞች ዘንድ አንድ ክፉ ልማድ አለ። ልጅ ሊጠይቀን የመጣ ቅዳሜ ቤቱን በእንግዳ እንሞላዋለን። ፍቅር ነው እንላለን። ከፊሉ ግን ልጁን ለማሳየት ነው፤ የተማረውን፥ የሚሠራውን፥ የገዛውን መኪና። ሃያ ሰው በተቀመጠበት ሳሎን ውስጥ የልቡን የሚናገር ልጅ የት ይገኛል? ዮሴፍ ራሱን ሊገልጥ ሲል በመጀመሪያ ያደረገው በፊቱ የቆሙትን ሁሉ ከእልፍኙ ማስወጣት ነበር። ወንድሞቹም በሰሙ ጊዜ ደንግጠው መልስ አጡ፤ እርሱ ግን ወደ እርሱ እንዲቀርቡ ነገራቸው፤ በራሳቸው እንዳይቈጡም አስቀድሞ አጽናናቸው። አቅፎ ከሳማቸው በኋላ ነው እነርሱ መናገር የጀመሩት። ቅዳሜን ለቤተሰቡ ብቻ ትቶ እንግዳውን ለሌላ ጊዜ መቅጠር ለአንዳንዶቻችን ከባድ ይሆናል፤ ወዳጆቻችንም ይቀየሙ ይሆናል።

ይቅርታው ከተነገረ በኋላ እንኳ ነገሩ በአንድ ቀን አለማለቁን ያው መጽሐፍ ያሳየናል። ያዕቆብ ወደ ግብፅ ከወረደ በኋላ 17 ዓመት ኖረ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ልጆቹ በጌሤም ምድር ተቀምጠው ከዮሴፍ እጅ ተመገቡ። ስለዚያ ስለ ሸጡበት ቀን ደግመው መነጋገራቸው ግን አልተጻፈም። አባታቸው በሞተ ጊዜ ወንድሞቹ ምናልባት ዮሴፍ ይበቀለን ይሆናል ብለው ፈሩ። በፊቱ ቀርበው ለመናገር አልደፈሩም፤ አባትህ ከመሞቱ በፊት የወንድሞችህን በደል ይቅር በል ብሎ አዝዟል ሲሉ መልእክት ላኩበት። ያዕቆብ ይህን ስለ ማዘዙ በሌላ ስፍራ ተጽፎ አናገኝም። ዮሴፍም ይህን በነገሩት ጊዜ አለቀሰ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።